ለእናቴ ያልነገርናት

«ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው የቀረው ደሴ!»

የመካነ ሰላም መናኸሪያ ረዳት ይህን ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር፣ ወደ ትምህርት ቤት እየሮጥኩ እንኳ ቢሆን፣ እግሬ ቀጥ ይልና አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ መልሶ ይጥለኛል። ያኔም ረዳቱ ውሸታም ነበር፤ አንድ ሰው ቀረ ካለን በኋላ ዘጠኝ ሰው ጨምሮ፣ እኔን በአባቴና በእናቴ መሀል እንደ ትራስ ጠቅጥቆ ይዞን ወጣ። ልጅ ሆኜ ብዙ ጊዜ ደንግጫለሁ፣ በጅብም በመብረቅም፤ ደሴ ላይ በእነዚያ ሦስት ቀናት እንደደነገጥኩት ግን ደንግጬ አላውቅም።

ግን አስቀድሜ ክረምቱን ልንገራችሁ።

እናቴ ሙሉ ወደ ጅዳ የሄደችው እኔ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ፣ ነሐሴ ላይ፣ ጭቃው ጫማ ይዞ በሚያስቀርበት ሰሞን ነበር። እኔም ከአባቴና ከአባቴ እናት ጋር፣ ከተማው አልቆ ማሳው በሚጀምርበት ጫፍ ባለው ቤታችን ቀረሁ። እናቴ በዓመቱ ጫፉ ዳንቴል የሆነ ነጭ ካልሲ ላከችልኝ፤ አያቴ «ለጥምቀት ታደርጊዋለሽ» ብለው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ እኔ ግን አንዱን እግር ሰርቄ አውጥቼ፣ ጨርቅ ጠቅጥቄ፣ በሲባጎ አስሬ ኳስ አደረግሁት፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያንን ዳንቴል ሲራገጥ ከረመ። ጥምቀት ደርሶ አያቴ ሣጥኑን ሲከፍቱ ካልሲው አንድ እግር ብቻ ሆኖ ቢያገኙት ደንግጠው «አይጥ ነው!» አሉ፤ እኔም «አዎ፣ አይጥ ነው» አልኩ።

በጋ ሲገባ፣ እህሉ ታጭዶ ሲያበቃ፣ ማሳው ሁሉ ሜዳ ይሆንልን ነበር። ከማጭድ የተረፈው የስንዴ አገዳ እንደ መርፌ ይወጋል፣ እኛ ግን ማን ሊሰማው፤ ከብቶች ሲገቡ የሜዳው ወርድ ይጠብባል፣ ሲወጡ ይሰፋል፣ ላም ፊት የቆመ ተጫዋች ከጨዋታ ውጭ ነው የሚል የራሳችን ሕግ ነበረን። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ወንዶቹ ኳስ ማሳያ ቤት ገብተው ሲያዩ፣ ሴት ልጅ ወንበር ላይ መቀመጧ ነውር ነውና፣ እኔ ከጀርባ በኩል ባለችው የምስማር ቀዳዳ ቆርቆሮውን ተለጥፌ አይ ነበር። የአውሮፓን ኳስ የሚያውቀው ቀኝ ዓይኔ ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ የነገረኝ አባቴ ማታ ከሥራ ሲመለስ አጠገቤ የሚያስቀምጠው ትንሽ ሬዲዮ ነበር።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴ ትደውል ነበር። በእኛ አገር አረብ አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ብቻውን ሆኖ ይደነግጣል፣ የሚያጽናናው ጎረቤት የለውም ይባላል። ስለዚህ ስልኩ ሲጮህ አያቴ ሁላችንንም በዓይናቸው ገርመም አድርገው ያስጠነቅቁን ነበር። በሬያችን ገደል ገብቶ በሞተ ሳምንት እናቴ «በሬውስ?» ብትል አባቴ «አለ፣ ወፍሯል» አላት። በዚያው ዓመት፣ አሥር ሆኜ፣ ኳስ ሳባርር ወድቄ ግራ ክንዴ ከክርኑ ላይ ሲሰበርም፣ ወጌሻው አስሮልኝ እንባዬ ሳይደርቅ ስልኩ ጮኸ፤ አያቴ በጆሮዬ «ደህና ነኝ በያት» ሲሉኝ፣ የታሰረ እጄን ታቅፌ «ደህና ነኝ እማዬ፣ እያጠናሁ ነው» አልኳት። ክንዴ ዳነ፤ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ኳስ የሚባል ነገርም አንድ ቀን አላነሣንባትም፤ «ልጄን ሐኪም ላደርግ ነው የተሰደድኩት» እያለች በየት በኩል ይነሣል? እሷ ደግሞ ሁልጊዜ «እኔ ምን ሥራ አለኝ፣ ከአንዲት ደግ አሮጊት ጋር ቁጭ ብዬ ነው የምውለው» ትለን ነበር፤ እኛም አመንን።

በስድስተኛው ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ ማግስት፣ እናቴ የሁለት ወር ፈቃድ አግኝታ መጣች። መናኸሪያው ላይ አባቴ «ያቻት!» ሲለኝ ሮጬ ጥምጥም አልኩ፤ የተጠመጠምኩት ግን ሻንጣዋ ትልቅ በሆነ በሌላ ሴትዮ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ደግሞ ሳመችኝ! ዞር ስል እናቴ ከጎኗ ቆማ በአንድ ላይ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። አጠረችብኝ፤ በስልክ ድምፅዋ ረጅም ነበር። ቤት ገብታ ያመጣችልኝን ቀሚስ ስታለብሰኝ እጅጌው ክርኔ ላይ ቆመ። ስድስት ዓመት ሙሉ የምታውቃትን ትንሽ ልጅ እያሰበች ስትገዛ ኖራለች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ቀሚሱን አጠፈችና ቀና አለች።

«ደሴ እወስዳታለሁ። የሚሆናትን አለብሳታለሁ። ሦስት ቀን እንዝናናለን፤ ፎቶ እንነሣለን፣ አይስክሬም እንበላለን፣ እኛስ ሰው አይደለንም?»

እኔ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ ሌላ ጉዳይ ነበረኝ። የትምህርት ቤታችን የሴቶች ቡድን ለዞን ውድድር ተመርጦ፣ የስፖርት መምህራችን የወላጅ ፈቃድ ወረቀት አድሎን፣ «እስከ ማክሰኞ ያላስፈረመች አትሄድም፣ ቁርጥ ነው» ብሎናል። ለእኔ ከዚያ ወረቀት በላይ በዓለም ላይ ምንም አልነበረም። አባቴ አነበበው፣ አጠፈው፣ መለሰልኝ።

«ፈርምልኝ እንጂ አባዬ!»

«እናትሽ ሳታውቅ? ላቧን አፍስሳ ያስተማረችሽ እሷ፣ ፊርማው የእኔ? አይሆንም።»

«እንንገራታ!»

«ደሴ ስንደርስ፣ ደስ ሲላት።»

«ማን ነው የሚነግራት?»

አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። «ያው እንግዲህ… ቀኑ ራሱ ይነግራታል» አለ።

አርብ ጠዋት ተነሣን። አቀስታ ላይ ሻይ ጠጣን፣ ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እየነዳ፣ ከቀትር በኋላ ደሴ ገባን። የአባቴ እህት አክስቴ ዘነብ በር ላይ ተቀበለችን። እናቴ «እንዳናስቸግርሽ አልጋ እንይዛለን» ብትላት ጊዜ የምድር መናወጥ ሆነ።

«አልጋ? እኔ በቁሜ እያለሁ? ‹ወንድሟን ሆቴል አሳደረችው› ሊለኝ ነው ሰፈሩ! ግቡ ወዲህ! አንተ ደግሞ ቅቤውን አምጣው፣ ለሆቴሉ ልትሰጥ ነበር?»

በዚያው ዕለት አዲስ ቀሚስ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ግድግዳው ላይ ፏፏቴ በተሣለበት ፎቶ ቤት ቆምኩ። ፎቶ አንሺው «ሁለቱንም እጅሽን ወደ ጎን ዘርጊ፣ እንደ ወፍ!» ሲለኝ፣ ግራ እጄን በቀሚሴ እጥፋት ውስጥ ደበቅሁና በአንድ ክንፍ በረርኩ። አባቴ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እናቴ «ውይ፣ ስታፍር ማማሯ!» አለች።

ቅዳሜ የአባቴ ተራ ነበር። «እኔስ አገር አላይም?» ብሎ ስታዲየም ካልሄድን አለ፤ እናቴ «ይሁን፣ ላንተ ስንል» አለች፤ እኔ ኳስ የሚባል እንዳልሰማ ሰው ጫማዬን አይ ነበር። ገብተን ተቀመጥን፣ ፊሽካ ተነፋ፣ ተጀመረ። ጠበቅሁ። ምንም የለም! የተጫዋች ስም የሚጠራ የለም፣ «ወደ ፊት ይዞ ገሰገሰ» የሚል የለም፣ ዝም ብለው ይሯሯጣሉ። የሚተርክለት የሌለው ኳስ በሕይወቴ አላየሁም ነበር።

«አባዬ፣ ተበላሽቶ ነው?» አልኩት በሹክሹክታ።

እሱም ግራ ገብቶት ኖሮ ከጋቢው ሥር ሬዲዮውን አወጣ። ሬዲዮው ግን ሌላ ከተማ ያለ ሌላ ጨዋታ ነበር የሚያስተላልፈው። አባቴ ምን ቸገረው፤ ዓይኑን ለዚህኛው፣ ጆሮውን ለዚያኛው ሰጥቶ ቀጠለ፤ እዚህ ኳሱ ወደ ውጭ ሲወጣ ሬዲዮው «ጎል!» ቢል ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

«አባባ፣ በየት በኩል ገባ? ለእኛም ያሳዩን እንጂ!» አለ ከፊታችን የተቀመጠ ጎረምሳ።

እውነተኛው ጎል ሲገባ ደግሞ እኔ ከእጄ የወደቀ ቆሎ እያነሣሁ ነበር። ግድ የለም ብዬ ቀና አልኩና ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፤ ተጫዋቾቹ ወደ መሀል ተመልሰው ሊጀምሩ ነው! «ድጋሚውን መቼ ነው የሚያሳዩት?» ብዬ ጮህኩ። ጎረምሳው ሆዱን ይዞ፣ «ውረጂና ለምኛቸው፤ ለእንግዳ ይደግሙታል!» አለኝ። ሜዳ ላይ ያለፈ ነገር አይደገምም ለካ፤ ይህን የሚያህል ነገር ሳላውቅ አሥራ ሁለት ዓመት መኖሬ አስደነገጠኝ። በዚያ ሁሉ መሀል እናቴ ለራሷ «ይሄ በረኛ ቀድሞ ወደቀ» ያለች መሰለኝ። እናቴ? በስህተት ነው የሰማሁት ብዬ ተውኩት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስታችን አይስክሬም ይዘን፣ ጦሳ ተራራን ከፊታችን አድርገን አንድ ሜዳ ዳር ተቀመጥን። ሜዳው ላይ ሴቶች ልጆች ይለማመዳሉ። ሴቶች ብቻ! ሁሉም ታኬታ አድርገዋል፣ ግማሾቹ ሻሽ፣ ግማሾቹ ሹሩባ፤ «ስጪኝ!»፣ «ውሰጃት!» እያሉ ማንንም ሳይፈሩ ይጮሃሉ፤ አሰልጣኛቸውም ሴት ናት። አይስክሬሜ አዲሱ ቀሚሴ ላይ ሲንጠባጠብ አልታወቀኝም። አባቴን በክርኔ ጎሸም አደረግሁት፤ አሁን ነው ንገራት ማለቴ ነው። እሱም ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ሙሉ…» አለ፣ «አየሩ ደስ ይላል» አለ።

በዚህ ጊዜ አንዲት ረጅም ልጅ የለጋችው ኳስ ከጎሉ በላይ አልፎ ቀጥታ ወደ አባቴ ራስ መጣ። አባቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። እኔ ጮህኩ። እናቴ ግን ቦርሳዋ ክንዷ ላይ እንደተንጠለጠለ ብድግ ብላ፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ረግጣ፣ መዳፎቿን ዘርግታ፣ ጧ! ከአየር ላይ ቀለበችው። ደረቷ ላይ አቀፈችው፣ ቀና ብላ ሜዳውን አየች፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለችና ለግታ እስከ መሀል ሜዳ መለሰችው።

አባቴ ከጋቢው ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ።

«ሙሉ?» አለ፣ የማያውቃትን ሰው እንደሚጠራ።

አሰልጣኟ እየሮጠች መጣች። «ማሻአላህ! እትዬ፣ የት ነበር የሚጫወቱት?»

እናቴ እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች። «ኧረ የትም አይደል። ጅዳ ነው፣ ግቢ ውስጥ፣ ከአሠሪዎቼ ልጆች ጋር…»

«የምን ልጆች? አሮጊቷስ?» አልኩ።

አሮጊት የለችም። ኖራም አታውቅም። የነበሩት አራት ወንዶች ልጆችና ሦስት ፎቅ ቤት ናቸው፤ ፀሐዩ በረድ ሲል ልጆቹ ከማድ ቤት እየጎተቱ ያወጧትና በሁለት የአበባ ገንቦዎች መሀል ያቆሟት ነበር፣ በረኛ የሚሆንላቸው ሌላ ሰው የለማ። መጀመሪያ ፊቷን እየመቷት፣ በኋላ ተማረች። የቀኝ እጇን ትንሿን ጣት አሳየችን፤ እንደ ማጭድ ጎብጣለች። በተሰበረች ዕለት በጨርቅ አስራት እራት ሠራች፤ በማግስቱ እሁድ ደውላ ደህና ነኝ አለችን።

«ጣትሽ ተሰብሮ?» አለ አባቴ።

«እንዳትደነግጡ ብዬ ነዋ።»

ክው አልኩ። አፌ ራሱን ችሎ «እኔም እጫወታለሁ! አጥቂ ነኝ!» አለ። እናቴ እንዳልሰማች ሰው አየችኝ። አሰልጣኟ ሳቀች፤ «እንዲያ ነው? በይ ከዳር ወርውሪልን» ብላ ኳስ ሰጠችኝ። በሁለት እጄ ከራሴ በላይ ይዤ በኩራት ወረወርኩ። ኳሱ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ተጣመመ።

«ባንቺ» ብላ በስሜ ጠራችኝ እናቴ፣ «እጅሽን ዘርጊ።»

«ዘርግቼዋለሁ።»

«ዘርጊው አልኩሽ!»

መጥታ ክርኔን ያዘች፣ ጎባጣ ጣቷ አጥንቴ ላይ ቆመች። ወደ አባቴ ዞረች። «መቼ ነው?»

«ያ… በሬው የሞተ ዓመት» አለ አባቴ።

«በሬው ሞቷል?!»

እናንተዬ፣ ያን ጊዜ መሬት ብትከፈት እኔና አባቴ ተሽቀዳድመን እንገባ ነበር። ይባስ ብዬ ደግሞ ያኔ ነው ወረቀቱን ያወጣሁት፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ ሁሉም አንዴ ይፈንዳ ብዬ ይሆናል። እናቴ አንብባ ሳትጨርስ አጥፋ መለሰችልኝ።

«አልፈርምም። የሰው ልጆች ኳስ ስቀልብ የእኔ ልጅ አጥንቷ ተሰበረ፣ እኔም ‹እያጠናች ነው› ብዬ ተኛሁ። ሌላስ? ሌላ ማን ሞቷል? ንገሩኝ!»

«ማርያምን፣ ሌላ የለም» አለ አባቴ።

ሰኞ ተመለስን። አክስቴ የቋጠረችልንን ድፎ እንኳ ማንም አልፈታውም። ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ ብሶ ሾፌሩ ጥግ ይዞ አቆመ፣ ሰዉ እየወረደ እግሩን አፍታታ፣ እኔና እናቴም ብርዱ ውስጥ አንድ ነጠላ ለብሰን ቆምን። ሌሊቱን ሁሉ ስለ ወረቀቱ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ልጆቹ ጎል ሲያገቡብሽ ትስቂ ነበር?»

«እስቅ ነበር» አለች። «ትንሹ ያንቺ እኩያ ነው። ጎል ሲያገባ ሮጦ መጥቶ የሚያቅፈው እኔን ነው፤ ያገባው በእኔ ላይ፣ የሚያቅፈውም እኔን። እኔም አቅፈዋለሁ። ልጅ አይደል? ምን ላድርገው?»

በማላውቀው ልጅ ቀናሁ። «እኔ እኮ ብዙ አግብቻለሁ» አልኳት፣ «አንቺ ግን አንዱንም አላየሽም።»

እናቴ ፊቷን ወደ ጉሙ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ብርድ ነው አልኩ፣ አልነበረም። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ እስክሪብቶ አወጣች።

«አምጪው። ለሰው ልጅ ቆሜ አንቺን ብከለክል ምን የሚሉት እናት እሆናለሁ?» ወረቀቱን የአባቴ ጀርባ ላይ አስደግፋ ፈረመች፤ አባቴም አጎንብሶ እንደ ጠረጴዛ ጸጥ አለ። «ግን ስሚኝ፤ አንተም ስማ፣ ጀርባህን አታንቀሳቅስ። ከእንግዲህ የተሰበረ ሁሉ በተሰበረበት ቀን ይነገረኛል። እኔም እነግራችኋለሁ። ከደነገጥንም አብረን እንደንግጥ።»

መጋቢት ላይ ተመልሳ ሄደች። ሚያዝያ ላይ በዞኑ ውድድር በመጀመሪያው ጨዋታ አምስት ለአንድ ተሸነፍን፣ አንዷን ያገባሁት እኔ ነኝ። እሁድ ስትደውል አያቴ ቢገረምሙኝም ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ አለቀስኩ አልኳት፣ ጉልበቴ ተልጧል አልኳት፣ አንዷን ኳስ ባዶ ጎል ላይ ሳትኩ አልኳት። እናቴም «እኔም ትናንት አልቅሻለሁ» ብላ ጀመረች፣ እኛም የጅዳውን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማነው፣ ደረጃውን፣ ሙቀቱን፣ ሁሉን። የሚቀጥለው ክረምት ሳይወጣ ጠቅልላ ገባች። አባቴ ያን ሁሉ ከሰማ በኋላ «ነይ» ለማለት አስተማሪ አላስፈለገውም።

አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። እናቴ ከተማው ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፤ ጨዋታ ባለን ቀን ትዘጋውና ከጎል ጀርባ ቆማ በረኛችንን «ቆመሽ ጠብቂ፣ ቀድመሽ አትውደቂ!» እያለች ታሰቃያታለች፤ እኔ ደግሞ አላውቃትም እላለሁ።

ባለፈው ወር አያቴ ታመው ተኝተው ሳለ፣ አምና ቤሩት የሄደችው የአክስቴ የዘነብ ልጅ ደወለች። አባቴ እንደ ድሮው «ሁላችንም ደህና ነን» ሊላት ስልኩን ሲያነሣ፣ እናቴ ከእጁ ወሰደችው።

«አያትሽን አሟቸዋል» አለቻት። «ሐኪም አይቷቸዋል፣ ዛሬ ትንሽ ቀምሰዋል። ደንግጪ ልጄ፣ ያስደነግጣል። እኔ ግን አልዘጋም፣ እዚሁ ነኝ።»

ከወዲያ ማዶ ልቅሶ ተሰማ፤ ቆይቶ ልቅሶው ወደ ወሬ ተለወጠ፣ ልጅቷ ከሄደች ጀምሮ ያልነገረችንን ሁሉ መናገር ጀመረች። ልጅ ሳለሁ ከአረብ አገር የሚመጣ ስልክ አምስት ደቂቃ አይሞላም ነበር፤ ሁላችንም ደህና ከሆንን ምን ይወራል? ያን ቀን ግን እናቴ ደጃፉ ላይ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትሰማ ምሳው ቀዘቀዘ፣ ከብቶቹ ከውኃ ተመለሱ፣ ማንም በቃ ዝጊው አላላትም።